የማይላጥ አርማ

ብቸኛ ሰው መስታወት በበዛበት ቤት ውስጥ መሥራት የለበትም። ይህን የምለው ከሥራዬ ተነስቼ ነው። የጂም ዕቃ ላይ አርማ እለጥፋለሁ፤ ጂም ደግሞ ሰው ጡንቻውን እያየ እንዲደሰት ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። የምሠራው ቤቱ ለደንበኛ ዝግ በሚሆንበት ቀን ስለሆነ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው እኔኑ ነው፤ ከፊት እኔ፣ ከጎን እኔ፣ ከኋላ ደግሞ የሳሳው ፀጉሬ። አንዳንዴ "ምን ታፈጣለህ? ሥራህን አትሠራም?" እለዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ከአፌ የሚወጣው ወሬ ይኸው ነው።

ሰው ሥራዬን ሲሰማ ይስቃል። "ስቲከር መለጠፍም ሙያ ሆኖ?" ይለኛል። እስቲ ይሞክረው! መኪና ላይ የተለጠፈ ስቲከር ጠላቱ ፀሐይና ዝናብ ነው። የጂም ዕቃ ላይ ያለው ግን ጠላቱ ሰው ነው። በቀን ሁለት መቶ እጅ ይጨብጠዋል፣ ላብ ይንጠባጠብበታል፣ ቀለበት ይፍቀዋል፣ የእጅ ቅባት ይጠጣል፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ በመድኃኒት ውኃ ይፈተጋል። ጎረምሳው ክብደት አንስቶ ሲጨርስ እንደ ሰው ቀስ አድርጎ አያስቀምጥም፤ አገር ይስማልኝ ብሎ ይወረውረዋል። ይህን ሁሉ ችሎ ሦስት ዓመት የሚቆይ አርማ መለጠፍ የልጅ ጨዋታ አይደለም።

አርማው የሳሳበትን ቦታ አይቼ ተጠቃሚዎቹን እለያለሁ። የግራው ጫፍ ብቻ ከተበላ፣ እዚያ ጂም አንድ ግራኝ አለ ማለት ነው። የአግዳሚው ጥግ ከተላጠ፣ ከሚሠራበት ጊዜ ይልቅ ተቀምጦ ስልክ የሚያይበት የሚበልጥ ሰው አለ። ሰዎቹን አላውቃቸውም፤ እጃቸው የሚያርፍበትን ግን አውቃለሁ። ከሰው ጋር ያለኝ ትውውቅ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው።

የሥራው ምስጢር ሙጫው ላይ አይደለም፤ ጽዳቱ ላይ ነው። መጀመሪያ በሳሙና ውኃ፣ ቀጥሎ በአልኮል፣ ከዚያ ብናኝ በማይተው ደረቅ ጨርቅ። ከዚያ በኋላ ጠጋ ብዬ "ሃ" ብዬ እተነፍስበታለሁ። የትንፋሼ ጉም እኩል ከተኛ ንጹህ ነው፤ አንድ ቦታ ከሸሸ ቅባት አለበት፤ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። አርማውን ከለጠፍኩ በኋላ በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ከመሀል ወደ ዳር እየተጫንኩ አየሩን አወጣለሁ፣ የሴቶች ፀጉር ማድረቂያ ፎን ይዤ ጠርዙን አሞቀዋለሁ፣ በላዩ ብርጭቆ የመሰለ ስስ ሽፋን አለብሰዋለሁ። ከዚያ ሁለት ቀን ማንም አይነካውም። ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ያስተማርኩት፤ ለታናሽ ወንድሜ።

በአሥራ አንድ ዓመት እበልጠዋለሁ። እናታችን ስትሞት እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አባታችንን ደግሞ በወጉም አያውቀውም። እኔ አበሰልኩለት፣ የትምህርት ቤት ልብሱን አጠብኩለት፣ ጭንቅላቱን ላጨሁት፤ ሲያጠፋ ቆነጠጥኩት። ሚስት ለማግባት ጊዜ አልነበረኝም፤ ጊዜ ባገኘሁ ጊዜ ደግሞ የምትፈልገኝ አልነበረችም። እሱ ካደገ በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ አብረን ሠራን። ትልቅ አርማ ሲሆን እሱ አንዱን ጫፍ ይይዛል፣ እኔ በሌላው ጫፍ እጫናለሁ፤ መነጋገር አያስፈልገንም ነበር። ትንፋሼን ሰምቶ እጁን ዝቅ ያደርጋል፤ እኔም ትከሻውን አይቼ እጀምራለሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ አንድ ትልቅ ሥራ አገኘን። አርባ የመሮጫ ማሽን ነው። ባለቤቱ ስሙ የገነነ፣ ሲያልፍ ሰው የሚነሳለት ሰውዬ ነበር። ማሽኖቹ ያገለገሉ ስለነበሩ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እኔ ሄጄ ትንሽ አሳመርኳቸው፤ በማግስቱ ወንድሜ አጸዳ፣ ሁለታችን ለጠፍን። ሳምንት ሳይሞላ አርማው በሙሉ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተላጠ። ሰውዬው አስጠራን። ሠራተኞቹ ሁሉ ዙሪያውን ቆመዋል። ደሜ ፈላ። ያን ሰሞን ወንድሜ ከአንዲት ልጅ ጋር ፍቅር ይዞት ስልኩ ከጆሮው አይለይም ነበር። "ሳታጸዳ ነው የለጠፍከው! ልብህ ከዚያች ሴት ጋር እያለ እጅህ ምን ይሠራል?" አልኩት። ወደ ሰውዬው ዞሬም "ጌታዬ፣ ይቅርታ፤ ይህ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ጋር አይሠራም" አልኩ። ልጅ ያልኩት የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ ነው። የያዘውን ጨርቅ አጣጥፎ ማሽኑ ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ተያይተን አናውቅም። አክስታችን አንድ ጊዜ የሰርጉን ጥሪ ወረቀት ይዛልኝ መጥታ ነበር። "ሥራ አለኝ" አልኳት። የሰርጉ ዕለት ሥራ አልነበረኝም፤ ሸሚዜን ተኩሼ ለብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ቢመጣና ይቅርታ ቢጠይቀኝ በሬ ክፍት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናው ነበር። ቤቴ አንድ ክፍል ነው፤ በሩን የሚያንኳኳ ደግሞ የለም።

እንግዲህ ባለፈው ወር አንዲት አሠልጣኝ ጠራችኝ። ከሴራሚክ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጂም ገዝታለች፤ የቀድሞው ባለቤት አርማ ተነስቶ የእሷ እንዲገባ ትፈልጋለች። ትከሻዋ የበር መቃን ያህላል። ስትጨብጠኝ እጄ ተመልሶ የእኔ መሆኑን ተጠራጠርኩ።

"ጋሼ፣ መቼ ያልቃል?"

"ሁለት ቀን እለጥፋለሁ። ከዚያ ሁለት ቀን ማንም እንዳይነካው።"

"አራት ቀን ልዝጋ? ደንበኞቼ ይገድሉኛል እኮ።"

"አንቺን የሚገድል ሰው ገና አልተወለደም።"

ሳቀች። ሰው ካሳቅሁ ሰንብቼ ስለነበር ደስ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ደስ እንዳለኝ ዋልኩ። ክብደቶቹንና አግዳሚዎቹን እያሳየችኝ ስትሄድ መስኮቱ ሥር የተደረደሩት ስድስት የመሮጫ ማሽኖች ጋ ስትደርስ ፊቷ ወደቀ። የማሽኖቹ የፊት ሽፋን በፀሐይ ነጥቶ፣ ተጫጭሮ፣ አመድ መስሏል።

"እነዚህን ሳያቸው አፍራለሁ። አዲስ የመግዛት አቅም ደግሞ የለኝም።"

"አይዞሽ፣ እኔ አዲስ አስመስልልሻለሁ" አልኳት።

ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ቦርሳዬ ውስጥ የማይጠፋ አንድ ማብረቂያ አለኝ፤ በቆርቆሮ ያለ፣ የሚነፋ ነገር ነው። የነጣ ፕላስቲክ ላይ ነፍቼ በጨርቅ ሳሽ ሳሽ ሳደርገው ጥቁረቱ ይመለሳል፣ ጭረቱ ይጠፋል። ስድስቱንም እንዲያ አደረግኳቸው። አሠልጣኟ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!" አለች። ከዚያ እንደ ደንቤ በሳሙና አጠብኩ፣ በአልኮል ጠረግኩ፣ ተነፈስኩባቸው፤ ጉሙ እኩል ተኛ። ለጠፍኩ። በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ "ጥሩ ሠራን" አልኩት።

በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። የእኔ ስልክ ብዙ ስለማይጮህ ደንግጬ ነው ያነሳሁት።

"ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ፤ ጽሑፉ እየተላጠ ነው።"

"የቱ?"

"የመሮጫዎቹ። ሌላው ደህና ነው።"

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። እውነቷን ነው። ክብደቶቹ ላይ ጥፍሬን ሰክቼ ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። አግዳሚዎቹም እንደዚያው። ስድስቱ መሮጫዎች ላይ ግን የአርማው ጠርዝ ተቀልብሶ ቆሟል፤ አንዱማ ወለል ላይ ወድቆ ሰው ረግጦታል። የማውቀው ቁጣ ተነስቶ መጣ፤ መጣና የሚያርፍበት ሰው ፈለገ። ዞር አልኩ። መስታወቱ ውስጥ ያለሁት እኔው ነኝ። ያጸዳሁት እኔ፣ የተነፈስኩት እኔ፣ የለጠፍኩት እኔ።

ጥግ ላይ የጂሙ የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ ቆማለች። በዕድሜ እኩያዬ ብትሆን ነው።

"እትዬ፣ በምንድን ነው ያጠባችኋቸው?" አልኳት። ድምፄ ውስጥ ዱላ ነበረው።

"እኔ ጫፋቸውንም አልነካሁ" አለች። "'ሁለት ቀን እንዳትጠጊያቸው' ብለውኝ የለ? እኔ እንኳን ሁለት ቀን፣ ሳምንቱን ሙሉ ፈርቻቸው በሩቁ ነው የምዞራቸው።"

የተላጡትን አንስቼ እንደገና ልጀምር ቦርሳዬን ከፈትኩ። ሽፋኑ እንደገና ደብዘዝ ስላለ መጀመሪያ ማብረቂያውን አውጥቼ አንዴ ነፋሁበት። ጽዳቷ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች።

"ይሄ ያ ዘይት አይደለም እንዴ?"

"የምን ዘይት?"

"ቴክኒሻኑ መጥቶ ከመሮጫው ጎማ ሥር የሚያደርገው። ሽታው ቁርጥ እሱን ነው። እንዳይነካሽ ብሎኛል፤ ይሄ ነገር የነካው ቦታ ላይ እንኳን ሌላ ፕላስተርም አይይዝም አለኝ።"

"ይሄ ማብረቂያ ነው፤ ዘይት አይደለም።"

"እሺ" አለች። ግን ሄዳ ከመዝገቡ ጠረጴዛ ላይ የወረቀት ፕላስተር አመጣች። አንድ ቁራጭ አሁን የነፋሁበት ሽፋን ላይ ለጠፈች፤ ሌላውን የማሽኑ ብረት እግር ላይ። የእግሩ ያዘ። የሽፋኑ ትንሽ ቆይቶ ያለማንም ንክኪ ታጥፎ ወደቀ። ቆርቆሮውን አገላብጬ በስተጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ አነበብኩ። ከላይ ሁለተኛው ቃል ሲሊኮን ይላል። ሲሊኮን ዘይት ነው፤ በሳሙና አይለቅም፤ በአልኮልም አይለቅም። ደግሞ ሽፋኑን በሙሉ እኩል ስለሚለብሰው የትንፋሼ ጉምም እኩል ነው የሚተኛበት። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው፤ ይህን ከባልዲ ተሸካሚ ሴት ተማርኩ።

ማብረቂያውን የማወጣው ያገለገለ፣ የነጣ የመሮጫ ማሽን ሲገጥመኝ ብቻ ነው። ባለፉት ዓመታት ሁሉ የሠራሁት ክብደትና አግዳሚ፣ አለዚያም አዲስ መሮጫ ላይ ነበር። ሰው ፊት ለመታየት ብዬ አሮጌ መሮጫ ያሳመርኩት በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ይህ ነው። ሌላው አርባዎቹ ናቸው።

መሮጫው ላይ ተቀመጥኩ። ጽዳቷ "ውኃ ላምጣልዎ?" አለችኝ። አልፈለግሁም። ወንድሜ አጽድቶ ነበር። እንዳስተማርኩት፣ አንድም ሳያጎድል፣ አርባውንም አጽድቶ ነበር። እኔ በዋዜማው አበላሽቼ፣ በማግስቱ እሱን በሰው መሀል አዋረድኩት። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ዘጠኝ ዓመት በሬን አየሁ፤ ለካ ጠያቂው እኔ ነበርኩ።

አሠልጣኟ ስትመጣ "ጥፋቱ የእኔ ነው። የቀባሁት ነገር ነው ያበላሸው። እፍቀዋለሁ፣ እንደገና እሠራዋለሁ" አልኳት።

"እሺ ጋሼ፤ ያጋጥማል" ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

በቃ፤ ይኸው ነው። ሰማይም አልተደፋ። ለዘጠኝ ዓመት ያቃተኝ ነገር የወሰደው አንድ ትንፋሽ የማይሞላ ነበር። ሆድ ባሰኝ፤ ስድስቱንም ማሽኖች በጠንካራ ማሟሟያ ስፈትግ ዓይኔን ያቃጠለኝ ማሟሟያው ብቻ አልነበረም።

በማግስቱ ወደ ወንድሜ ሄድኩ። ሶፋ ቤት እንደሚሠራ አክስታችን ነግራኝ ነበር፤ ሰፈሩንም አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ መንገድ የምዞረው በዚያ ላለማለፍ ስል ነው። አውቶቡስ ውስጥ የምለውን ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሁለት ጊዜ "ምን አሉኝ?" አለችኝ።

ሶፋ ቤቱ ፊቱ ለመንገዱ ክፍት ነው። ስፖንጅ ተቆልሏል፣ የተራቆተ የሶፋ አጥንት ተደርድሯል፣ አምስት ሰዎች እየደበደቡ ይጯጯሃሉ። ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር። ሆድ አውጥቷል፤ ጺሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ምስማር በከንፈሩ ይዞ ነው የሚስቀው። እኔ የማውቀው ልጅ በሥራ ላይ አይስቅም ነበር። አላሳቅኩትም ይሆናል።

አየኝ። መዶሻውን አስቀመጠ። ምስማሮቹን ከአፉ አንድ በአንድ አውጥቶ መዳፉ ላይ ደረደረ፤ ሰባት ነበሩ፤ ሲያወጣ ስቆጥር ነበር።

"ምን እግር ጣለህ?" አለኝ።

"ላናግርህ ፈልጌ ነው።"

ያልተሸፈነ ሶፋ ጠርዝ ላይ አስቀመጠኝ፤ እሱም ስፖንጅ ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹ መደብደባቸውን ቀጥለዋል። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

"እነዚያ አርባ መሮጫዎች" አልኩ። "አንተ አጽድተሃቸው ነበር። እኔ ነኝ በዋዜማው ማብረቂያ የነፋሁባቸው። ለካ እሱ አያስይዝም። ትናንት ነው ያወቅሁት።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን?"

"ማብረቂያው መሆኑን። ጨርቁ ይንሸራተትብኝ ነበር። ነገርኩህ እኮ።"

"መቼ ነገርከኝ?"

"የዚያን ዕለት ጠዋት። 'ይሄ ነገር ቅባት ቅባት ይላል፤ ምን አድርገህበት ነው?' አልኩህ። 'አንተ ደግሞ ልታስተምረኝ ነው? ዝም ብለህ ጥረግ' አልከኝ።"

አላስታወስኩትም። ለማስታወስ ፊቱን ትክ ብዬ አየሁት፤ ምንም አልመጣልኝም። እሱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቃል በቃል ይዞታል፤ እኔ ያን ቀን ማምሻውን እንኳ አልያዝኩትም።

"ታዲያ ሰውዬው ፊት ለምን አልተናገርክም?"

"ታላቄን በሰው ፊት ላሳጣው?" አለ፤ እንደ ሞኝ ጥያቄ ነው ያየው። "ማታ ቤት እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ቤት ስደርስ ልብሴ በፌስታል ታስሮ ደጅ ላይ ተቀምጧል።"

ይህን ከላይ ስተርክ ዘልዬዋለሁ። "ወጣ" ብዬ ብቻ ያለፍኩት ስላፈርኩ ነው። ልብሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በሩንም ከውስጥ የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ ሲያንኳኳም ሰምቼዋለሁ።

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ።" መዳፉ ላይ ያሉትን ምስማሮች አንከባለለ። "መጀመሪያ እስከ ማታ ይገባዋል አልኩ። ከዚያ እስከ ሳምንት አልኩ። ሰርጌ ላይ በሩን ሳይ ነው የዋልኩት። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ይደክማል። ተውኩት።"

"አሁንስ?"

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ልጅ ቦርሳዋን እየጎተተች ገባች። ሰባት ወይ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠራተኞቹ በየተራ ጉንጯን ነኩ፣ አንዱ ፀጉሯ ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ በተነባት፤ እሷም መልሳ በተነችበት። መጥታ የወንድሜ ጉልበት ላይ ተደገፈች። ልጅ እንዳለው የነገረኝ አልነበረም፤ ስላልጠየቅሁ ነው።

"አባዬ፣ ማናቸው?"

ወንድሜ አየኝ። አየኝና ወደ ልጁ ዞረ።

"ድሮ አብረን እንሠራ ነበር" አላት።

ውሸት አልነበረም፤ ምን ብዬ ልከራከረው?

"ታዲያ ለምን ተዋችሁት?" አለችኝ፤ እኔን ነው የጠየቀችው።

"ትልቅ ሰው እንዲህ አይጠየቅም" አላት።

"ተዋት" አልኩት። "ይጠየቃል።"

ተነስቼ ቆምኩ። ሠራተኞቹ ነገር ሸቷቸው ነው መሰለኝ መዶሻው አንድ በአንድ ጸጥ አለ። በዚያኛው ቀን የነበሩት እነዚህ አይደሉም፤ ግን ሰው ናቸው፣ ጆሮም አላቸው።

"አባትሽ ሥራውን በደንብ ሠርቶ ነበር" አልኳት፤ ሁሉም እንዲሰሙት ጮክ ብዬ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ከተበላሸ በኋላ በብዙ ሰው ፊት ሰደብኩት፣ አባረርኩት። እሱ እውነቱን እያወቀ እኔን ላለማሳፈር ዝም አለ። በዚህ ሙያ ከእሱ የተሻለ እጅ አላየሁም። ይህን ለመናገር ነው የመጣሁት።"

ጥግ ያሉት ሽማግሌ ሶፋ ሠሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይችን ለማለት ስንት ጊዜ ፈጀብህ?"

"ዘጠኝ ዓመት።"

"ጎበዝ! እኔ ለሚስቴ ይኸው ሃያ ዓመቴ፤ እስካሁን አልወጣኝም።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅኩ። ወንድሜ አልሳቀም። ምስማሮቹን አንድ በአንድ አፉ ውስጥ መልሶ ያዘ፤ ምስማር የያዘ አፍ ደግሞ አይናገርም። ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር። ለልጁ በአገጩ ወደ መንገዱ አመለከታት፤ ሸኚያቸው ማለቱ ነው።

አስፋልቱን እጄን ይዛ አሻገረችኝ። መዳፏ ሞቃት ነበር፤ ሰው እጄን ይዞ ካሻገረኝ ብዙ ጊዜዬ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ቀና ብላ ፊቴን መረመረችው።

"አባዬን ይመስላሉ እኮ። አፍንጫዎ።"

"ሰው ሁሉ እንዲያ ይለን ነበር።"

"ዘመዳችን ነዎት?"

ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አባቷ በሰው ፊት የተናገረውን ቃል እኔ መንገድ ዳር ላፈርስበት አልፈለግሁም። ይህችን አንዲት ጊዜ እንኳ እሱ ያለው ይሁን ብዬ "አብሮ ብዙ የሠራ ሰው መመሳሰሉ አይቀርም" አልኳት። አላመነችኝም፤ ግን ጨዋ ልጅ ናት፣ አልተከራከረችኝም።

"ተመልሰው ይመጣሉ?"

"አባትሽ ይምጣ ካለ።"

"ቆይ ልጠይቀው! እዚሁ ይጠብቁኝ፣ እሺ?" ብላ ግራና ቀኙን አየችና ሮጠች። ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ እየዘለለ ሶፋ ቤቱ ውስጥ ገባች።

ጠበቅኳት። ከዚህ ማዶ ሆኜ ውስጡ አይታየኝም፤ የመዶሻው ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። አንድ አውቶቡስ መጣና ሄደ። የመዶሻው ድምፅ ቆመ፤ እሱ ነው፣ ከአፉ ምስማሮቹን እያወጣ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቆይቶ ግን መዶሻው ቀጠለ። ሁለተኛው አውቶቡስም ሄደ። ሦስተኛው ሲመጣ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ "አባባ፣ ይሳፈራሉ?" አለኝ።

"ሰው እየጠበቅሁ ነው" አልኩት።